ስሜን ማን ያየዋል?

ሱሉልታ ከኔ ክፍል ቀጥሎ የሚኖሩት ጋሼ ሸማኔ ናቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ፌስታል አንጠልጥለው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ላይ አይደል የምትውለው? እስቲ ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ፎቶ፣ የተቀደደ የኪራይ ውልና በእስክሪብቶ የተጻፈ ዝርዝር ነበር፦ የሸማ ዕቃ፣ አሥራ ሁለት ጋቢ፣ አልጋ። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ጥቃት ሲነሳ ጥለውት የወጡት ንብረት ነው። ያኔ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ሸሽተው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ ደግሞ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩና አስቆሟቸው።

«አባቶቻችን ሌላ ደም እንዳይፈስ አደረጉ» አሉ ጋሼ። «እኔን ግን ምን ሆንክ ብሎ የመዘገበኝ የለም።»

ይቺ ነገር አላስተኛችኝም። የኢንጂነር ነገር ሆኖብኝ፣ ችግር ሳይ እጄ ወደ ኪቦርድ ይሄዳል። በአንድ ሌሊት የምስክርነት ፎርም ሠራሁ፦ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ምን አዩ፣ ማን አደረገው። ሁሉም ካልተሞላ አያሳልፍም። ጠዋት በኩራት አሳየኋቸው።

«ስሜን ማን ያየዋል?» አሉ።

«ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«ሰርቨሩስ የማን ነው?» ዝም አልኩ። «ያ ሰው እኮ በሕይወት አለ፣ ልጄ። ባለፈው አስኮ ታክሲ ተራ አይቼዋለሁ። እሱም አይቶኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው ሕግ ማንበብ የጀመርኩት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ፍርድ ቤትና የእውነት ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ያስባል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅም ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ማንነትን መደበቅን ጭምር ይፈቅዳል። ወረቀቱ እንግዲህ አለን።

ግን አንድ ልዩነት ይታየኛል። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብርን ጉዳይ ሲይዝ፣ ደርግ ራሱ ፈርሞ ያስቀመጣቸውን ሰነዶች አግኝቶ ነበር። የመንጋ ጥቃት ፊርማ የለውም። ማስረጃው ሰው ነው፤ ያውም ነገ ከተከሳሹ ዘመድ ጋር አንድ ታክሲ የሚሳፈር ሰው። ስለዚህ የምስክር ጥበቃ ችሎቱ ከተከፈተ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ጋሼን «ይናገሩ» ከማለታችን በፊት ቃላቸውን ማን እንደሚይዘው፣ ማን እንደሚያነበው፣ አንድ ሰው ቢያስፈራራቸው ማታ ማንን እንደሚጠሩ መመለስ አለብን። ይርጋ አያግደውም ማለት ምስክሩ ዘላለም ይኖራል ማለት አይደለም። ጋሼ እያረጁ ነው፤ የኪራይ ውሉም ቀለም እየለቀቀ ነው።

ፎርሙን አጠፋሁት። ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው፤ የሸማ ዕቃው፣ ጋቢዎቹ፣ አልጋው፣ ቀኑ። «ማን አደረገው» የሚለው ጋ ስንደርስ እጄን ያዙኝ።

«ስሙን አትጻፍ። ቦታውን ግን አትዝጋው፤ ደህና ቀን ሲመጣ እኔው እሞላዋለሁ።»

ሁለት መስመር ክፍት ትቼ ፕሪንት አደረግኩላቸው።