«ኪዩን ዝቅ አድርጉልኝ»፦ ከአጎቴ ጋር እስከ ሶፍ ዑመር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ በካሴት ስትሰሙት ያደጋችሁትን ዘፋኝ፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ መድረክ ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ባልኩ! የማይባል ነገር ተናግሬ አጎቴን አስቀየምኩ። ባሌ ድረስ የወሰደኝም ይኸው ጣጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ አንጋፋ ባንድ (ስሙ ይቆየን) አዲስ አበባ ውስጥ «ተመልሰናል» ብሎ ኮንሰርት አዘጋጀ። መግቢያው ኪስ ያደርቃል፤ ቢሆንም አጎቴን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ በደርግ ጊዜ ጎባ ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር እየመቱ ይዘፍኑ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፃዊው ማይኩን ከአፉ አርቆ ላቡን በመሃረብ ሲጠርግ ዘፈኑ አላቋርጥም አለ። ለካ ሲዲ ነው! አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ «ድምፁ ያለቀበት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጅ አያጫውትም?» አልኩ። አጎቴ መልስ አልሰጡኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ለሚሆነው ሠርጓ አንድ ዘፈን እንዲዘፍኑላት ለመነቻቸው። «ድምፄ አልቋል ልጄ» አሏት። «አልቋል» የምትለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የካቲት ላይ «ጎባን ሳልሞት ልያት» ሲሉ ተከተልኳቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ የጠፋ ይመስል!

በሻሸመኔ በኩል እስከ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮፈሌን፣ ዶዶላን፣ አዳባን እያለፍን ዲንሾ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከመንገዱ ዳር የደጋ አጋዘኖች ቆመው ያዩናል። ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ አሊ ቢራን ለቀቀው። ከኋላ ወንበር ያሉ ወጣቶች ቃል በቃል ተቀበሉት። አሊ ያረፈው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቹ ግን ትናንት የወጣ ዘፈን ነው የሚመስላቸው። አጎቴ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ ቤዙን ይመታሉ። «ጋሼ፣ ይህን ድሮ ተጫውተውታል?» አልኳቸው። «ዝም ብለህ ስማ» አሉኝ።

ሮቤ ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። ጎባ ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ አጎቴ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ጎረምሳ ነበሩ። ያን ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ እንደ ምንም አፋቸው ተፈታ።

«ያ ሰውዬ ጥፋቱ ማርጀቱ አይደለም» አሉ፤ ስለ ሲዲው ዘፋኝ መሆኑ ነው። «ጥፋቱ የሃያ አምስት ዓመቱን ድምፅ ተውሶ መቆሙ ነው። ኃይሉ መርጊያን አታውቅም?»

የዋልያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያ እንዴት አላውቅም! ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከታክሲው የዕቃ መጫኛ አይለይም፤ ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ለዓለም ገበያ ሲወጣ ወደ መድረክ ተመለሰ። ሲመለስ ታዲያ የድሮውን ዋልያስ በሙሉ ለማስመሰል አልሞከረም፤ ቤዝና ድራም ብቻ ከኋላው አሰልፎ ነው የተጫወተው። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያም ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ «ዘ ኤክስ» ከሚባል የኔዘርላንድ ሮክ ባንድ ጋር ተጣምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የሚል አልበም አውጥቷል። እነዚያ ጊታር የሚያስጮሁ ፈረንጆች ራሳቸው ከ1979 ጀምሮ የቆዩ ናቸው።

እኔም የማውቀውን ጣል አደረግሁ። ሚክ ጃገር እ.ኤ.አ. በ2024 ሮሊንግ ስቶንስን ይዞ አሜሪካን ሲዞር 80 ዓመቱ ነበር። ድራመሩ ቻርሊ ዋትስ በ2021 ሲሞት በሌላ ሰው ተክተው ቀጠሉ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የድራም ሰው ሲቀየር የባንዱ አረማመድ ይቀየራል። ዘፋኙ ካልሰማው ይደናቀፋል።»

ማህሙድ አህመድ ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ያቀረበው በ83 ዓመቱ ነው። «ሰው ሳይሸኘው ራሱ ቀኑን ቆርጦ ወረደ» አሉ አጎቴ። ይህን ሲሉ ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሻዩ ነበር የሚያዩት። ይቅርታዬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

በማግስቱ ወደ ሶፍ ዑመር። ከሮቤ በጎሮ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደጋው እየወረደ እየወረደ ጃኬት አስወልቆ ግራርና አቧራ መሐል ይጥላችኋል። ዋሻውን የወይብ ወንዝ ነው የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው፤ ርዝመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስሙን ያገኘው፣ እንደሚነገረው፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ከነበሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው። እስከ ዛሬም ሙስሊሞች ለዝያራ ይመጡበታል። ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በደረቁ ወራት ሂዱ፤ ክረምት ወንዙ አያሳልፍም። ጥሩ ባትሪ ያዙ፣ የአካባቢውን መሪ ቅጠሩ፣ ቦታው የጸሎት ስፍራ መሆኑንም አትርሱ።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። ሱሪያችንን ጠቅልለን ውሃውን ተሻገርን። ምሰሶዎቹ ሰው የጠረባቸው እንጂ ውሃ የበላቸው አይመስሉም። ሰፊው አዳራሽ ስንደርስ መሪያችንን አስፈቅጄ አንድ ፈጣን ጭፈራ ሞከርኩ። አይ ውርደት! የመጀመሪያው ቃል ከግድግዳው ሳይመለስ ሁለተኛውን ስጨምርበት፣ ሦስተኛው ሲደረብ፣ ገንፎ ሆነ። መሪያችን በትህትና ሳለ።

«ዋሻው እስኪመልስልህ ጠብቀው እንጂ» አሉ አጎቴ። ከዚያ ማንም ሳይለምናቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ትዝታ አንጎራጎሩ። ግጥም የለውም፤ «እ...» ብቻ። አንዱን ድምፅ ይለቁታል፣ ዋሻው ተቀብሎ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፣ ቀጣዩን ያስከትላሉ። አንድ ቦታ ላይ ከፍ ሊሉ ሲሞክሩ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ደነገጥኩላቸው። እርሳቸው አልደነገጡም፤ በሁለተኛው ዙር እዚያችው ቦታ ሲደርሱ ወደ ላይ አልወጡም፣ በጎን ዞረው ከታች ገቡባት። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህችኛዋ አንጀቴን በላችው።

«ጋሼ፣ የዚያን ማታ የተናገርኩት...» አልኩ። ጨለማ ድፍረት ይሰጣል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወንዙ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ውሸት አልተናገርክም» አሉኝ ቆይተው። «ሰው ሲያረጅ የድምፅ ጅማቱ ይደርቃል፣ ሳንባው ይጠባል። ከስፒከር አጠገብ የኖረ ደግሞ ጆሮውም ይደክማል፤ ቀጭኑን ድምፅ ስለማይሰማ ሁሉን ነገር ያስጮኸዋል። እኔ ዘፈኖቼን ሁሉ ሁለት ቶን አውርጄ ብቻዬን እለማመዳለሁ። ግን እናንተ የካሴቱን ድምፅ ነው የምትፈልጉት። ሰውዬው ሲዲ የከፈተው ለምን ይመስልሃል? እናንተን ፈርቶ ነው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነትም ያን ማታ ከአዳራሹ «እንደ ድሮው! እንደ ድሮው!» እያሉ ከሚጮኹት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ስንመለስ ጎሮ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። አጎቴ ስኳሩን እያማሰሉ «የእህትህን ሠርግ ኦርጋን የሚጫወተው ማነው?» አሉኝ። ሰፈራችን ያለ ልጅ ነው፣ አልኳቸው።

«ኪዩን ሁለት ቶን ዝቅ ያድርግልኝ በለው። ድራሙንም አያስሩጥብኝ።»

እስክሪብቶ ተውሼ ሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ «ጻፍከው? እስቲ አንብብልኝ» ይሉኛል።