ሳሎንና ጓዳ

ለመሆኑ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተራችን ውስጥ እስከ የት ድረስ ይዘልቃል? ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ለመልሱ ግን ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሥዕላዊውን ገጽታ ለአፍታ ማቆም ይበቃል።

መስኮቶቹ፣ ምልክቶቹና በማውስ የምንመራው ቀስት የኮምፒውተሩ ነፍስ አይደሉም። በሊኑክስ ዘንድ ሥዕላዊው ገጽታ ከአስኳሉ በላይ የሚሠራ አንድ አገልግሎት ነው፤ ሊጠራም ሊሰናበትም ይችላል። እኔ የምጽፍበት ላፕቶፕ ያረጀና ሜሞሪው ጠባብ ስለሆነ አዘውትሬ አሰናብተዋለሁ። በሲስተምዲ በሚተዳደሩት የዛሬዎቹ ሥርዓቶች አብዛኛውን ጊዜ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል አይሶሌት መልቲ-ዩዘር ነጥብ ታርጌት» የሚል አንድ ትእዛዝ በላቲን ፊደል መጻፍ በቂ ነው። ለመመለስ «መልቲ-ዩዘር» በሚለው ፋንታ «ግራፊካል» ይባላል። በመስኮቶቹ ውስጥ የተከፈቱት ፕሮግራሞች አብረው ስለሚዘጉ ግን የጀመሩትን ጽሑፍ አስቀድሞ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ያን ጊዜ መስኮቶቹ ይጠፋሉ፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ግን ሥራውን አያቆምም፤ ፋይሎቹ በቦታቸው ናቸው፤ ከበስተጀርባ የሚሠራ ሰርቨር ቢኖርም ይቀጥላል። የሚቋረጠው አማርኛው ነው። በአማርኛ የጻፍኩትን ፋይል ስከፍት የሚታየኝ ተመሳሳይ ምልክት የተደረደረበት መስመር ነው። በላቲን ቁልፎች ፊደላችንን የምናወጣበት እንደ አይባስ ያለ መሣሪያም ከመስኮቶቹ ጋር ተሰናብቷል። በሳሎኑ «ቤት ለእንግዳ» የተባለለት ፊደል ጓዳው ሲደርስ የሚያውቀው የለም።

ጽሑፉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለፊደላችን ቦታ ሰጥቶታል፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አሠራር በ3 ባይት ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይኖራል። የጎደለው የሚታይበት ቅርጽ ነው።

ታዲያ ቦታ ጠብቦ ነውን? አይደለም። የሊኑክስ ኮንሶል እስከ 512 የፊደል ቅርጾች መያዝ ይችላል። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የመደበው ዋናው ክፍል 384 ቦታዎች ብቻ ስላሉት ከእንግሊዝኛው ፊደል ጋር ጎን ለጎን ይገባል። እንዲያውም በዴቢያን የኮንሶል ማዘጋጃ ውስጥ «ጎሃ» የተባለ የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ አለ። ነገር ግን ባለቤቱ ፈልጎ ካልመረጠው በራሱ አይመጣም፤ ማንበቡን ቢያስችልም መጻፊያውን አይተካም።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ የባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መስኮቶቹን መሸከም የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ተማሪ ከመስኮቶቹ ጋር ቋንቋውንም እንዲተው ይገደዳል። አቅም ያለው በአማርኛ ይጽፋል፤ የሌለው በባዕድ ፊደል ይንገታገታል። ይህ ደግሞ ማንም በክፋት ያወጀው ሳይሆን ማንም ስላልጠየቀ የጸና አሠራር ነው።

እንግዲህ አማርኛ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል ብለን ከመፎከራችን በፊት መስኮቱን ዘግተን በጓዳው በኩል እንይ። ያላገኘነውንም የሚችል ይሥራ፤ የማይችል ይጠይቅ።