አጥሩ ለማን ይታጠር?

ሥላሴ አካባቢ ያደገ ልጅ ጎረቤቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ካቴድራሉ፣ ፓርላማው፣ እልፍ ሲል ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት። እኛን ግን ከሁሉም አብልጦ ያሳደገን ወደ ፒያሳ ገባ ብሎ የነበረ አንድ ጌም ቤት ነው። እዚያ ሁሉም የሚጫወተው ኳስ ነበር። እኛ አራታችን ብቻ የጥጓን ቴሌቪዥን ይዘን የዳይኖሰር ፓርክ እንሠራለን። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት «ጎሉ የት ነው?» ይሉናል።

ጎል የለውም ወገን! እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ጁራሲክ ፓርክ፦ ኦፕሬሽን ጀነሲስ» አንድ ደሴትና ጥቂት ገንዘብ ይሰጣችኋል፣ በቃ። ከቅሪተ አካል ዘረ መል ታወጣላችሁ፤ ግማሹ ካልሞላ እንስሳው አይፈለፈልም። አጥር፣ የመመልከቻ ቦታ፣ የባሉን ጉብኝት፣ ምግብ ቤት ትሠራላችሁ። ሽንት ቤት ከረሳችሁ ጎብኚው ያኮርፋል። (ይህን ሕግ ያወጣው ሰው የድሮዋን ፒያሳ አያውቃትም።) ዳይኖሰር የፈረንጅ ጉዳይ ነው ለምትሉን ደግሞ፣ በኢትዮጵያ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ተገልጿል። እናም አገራችን ውስጥ ነን።

ጠባችን ሁሌ አንድ ነበር፦ አጥሩ ይጥበብ ወይስ ይስፋ? ከመካከላችን ያለው «ነጋዴ» ማጥበብ ይወዳል። ግቢው ሲጠብ እንስሳው ከጎብኚው ዓይን አይጠፋም፤ ገንዘብም ይገባል። ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ ቲሬክሱ ይጨነቅና አጥሩን መግጨት ይጀምራል። የቀረውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት፤ በተለይ የጎብኚዎቹን አሯሯጥ።

ይህ ጨዋታ አንድ ነገር አበላሸብን። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስንሄድ እንደ ድሮው ተደስተን መመለስ አቃተን። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተ ነው፤ አንበሶቹም የ7 መሥራች አንበሶች ዘሮች መሆናቸው ይነገራል። እኛ ግን ፍርግርጉን እያየን በልባችን ዛፍ እንተክላለን፣ ግድግዳ እንገፋለን። እ.ኤ.አ. በ2006 በቦታና በገንዘብ እጥረት ግልገሎች እየተመረዙ መሆኑ በዓለም ዜና ሲወራ ክፉኛ አዘንን። ከ6 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የ15ቱን አንበሶች ዘረ መል መርምረው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳወቁ። ለካ ቦታ የጠፋላቸው ሌላ ቦታ የማይገኙት ኖረዋል!

በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ አንድነት ፓርክ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተከፈተ። ጎረቤታችን ፓርክ ሆነ ማለት ነው። መደበኛ መግቢያው ያኔ 200 ብር ነበር፤ ተዋጥተን ገባን። ጥቁር ጎፈር አንበሳው ወደ ጥግ ሄዶ ተኝቶ ነበር። አንድ ሕፃን «አይታይም!» ብሎ አለቀሰ። ነጋዴያችንም አብሮት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የቀረነው ግን ደስ አለን፤ መደበቅ የሚችል አንበሳ አየና።

አሁን ጌም ቤት አንሄድም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ጁራሲክ ወርልድ ኢቮሉሽን» በላፕቶፕ እንጫወታለን። ይኼኛው እንስሳውን ስትነኩት የሚያስፈልገውን ይዘረዝርላችኋል፦ ይህን ያህል ሣር፣ ይህን ያህል ጫካ፣ ይህን ያህል ቢጤ። ሣሩም ጫካውም ሞልቶ ብቻውን ከሆነ ምቾቱ ይወርዳል፤ አጥሩን ጥሶ ለመውጣት ይታገላል። አዲስና ሰፊ ግቢ ስለሠራችሁለት አያመሰግናችሁም። መንጋውን ነው የሚፈልገው።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም ጨዋታ ያው ነው፤ ደሴቱ ሲሰጣችሁ ሰው የለበትም። የባሉኑን ጉብኝት የትም ብታቆሙት «እዚህ እኮ እኔ ነበርኩ» የሚላችሁ የለም። ጌም ቤታችን የነበረበት መንደር በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ ማታ ማታ እኛም እንሄድበታለን፣ ፎቶም እንነሳለን። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ያምራል። የሰፈሩ ሰው ግን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ሰውን ከዳይኖሰር ጋር አታወዳድሩ እንዳትሉን እንጂ፣ ያቺ ዝርዝር ትዝ ትለናለች። ውሃ አለ ወይ? አለ፣ ተራ እየጠበቀ ይመጣል። ክፍል አለ ወይ? ከድሮው ይሰፋል። ቡና ሲፈላ የሚጠራ ጎረቤትስ? እድሩስ?

የነጋዴያችን እናት አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። መስኮታቸው ሰፊ ነው፤ እኛም ሄደን አይተነዋል። ወር በገባ በ7 ግን በጠዋት ተነስተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ሥላሴ ይመጣሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከድሮ ጎረቤቶቻቸው ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጠው እስከ ቀትር አይነሱም።