መጀመሪያ ሰው እንቁጠር

የአምልኮ ቤቱን ያጣ ጉባኤ ሲሰበሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው «የት እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኛም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እሑድ በደረሰ ቁጥር ሰው የሚሰበሰብበት ጣሪያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ መኖሩን የተማርኩት በዚያ ሰሞን፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ነው። ያስተማሩኝም በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይናገሩ አንዲት እናት ናቸው።

ጉባኤያችን ሜሪላንድ ውስጥ ያለ፣ በአማርኛ የሚያመልክ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ በኪራይ ነበር የምንኖረው። ባለቤቶቹ አሜሪካውያን ጠዋት አምልከው ይወጣሉ፤ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን። ኪቦርዱንና ድራሙን ከዕቃ ቤት አውጥተን እንተክላለን፤ ማታ ነቅለን እንቆልፋለን። ምድር ቤት ያለው ኩሽና ወጥ ወጥ እንዳይሸት መስኮቱን ከፍተን፣ ወንበሩን እንዳገኘነው ደርድረን እንወጣለን። ቤቱ የሰው ቢሆንም ልጆቻችን ለጌታ የቀረቡት፣ ሙሽሮቻችን የተዳሩት፣ ሙታናችን የተሸኙት ከዚያ ነው።

የባለቤቶቹ ጉባኤ ግን አርጅቶ ነበር። ወጣቱ አካባቢውን ለቋል፤ የቀሩት ሽማግሌዎች የጣሪያውንና የማሞቂያውን ጥገና መሸከም አቃታቸው። ሊሸጡት መወሰናቸውን ሊነግሩን ሲመጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እነርሱም እንደ እኛው ቤታቸውን እያጡ ነበርና ቂም አልያዝንባቸውም።

ከዚያ ወዲያ ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። ገሚሱ «የሕንፃ ፈንዱን አውጥተን መጋዘንም ቢሆን እንግዛ፤ እስከ መቼ የሰው ቤት ጠባቂ እንሆናለን?» ይላል። ገሚሱ «ባንኩ የጥቂት ዓመታት የአሥራትና የመባ ገቢያችንን አይቶ ነው የሚያበድረን፤ ሞርጌጁ አንቆ ይገድለናል» ይላል። መጋዘን ወደ አምልኮ ቤት ለመቀየር የካውንቲ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ በመቀመጫው ልክ የመኪና ማቆሚያ ይጠይቃል። ቃለ ጉባኤው በካሬ ጫማ፣ በወለድና በፓርኪንግ ተሞላ። ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰው ስም የሰፈረው ተናጋሪ ከሆነ ብቻ ነበር።

በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት እኚያ እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ሰዉን ቆጥራችሁታል?» አሉ። ከመድረክ የአማካይ ተሰብሳቢው ቁጥር ተነገራቸው። «እሱንማ ወንበሩም ይነግራችኋል። ማን የት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚመጣ፣ ይህ ቤት ሲዘጋ ማን እንደሚቀርብን ታውቃላችሁ ወይ?» አሉና ተቀመጡ። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሳወራቸው ነው። እኚህ እናት በወጣትነታቸው ናዝሬት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ነበሩ። ደርግ ያችን ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ዘጋት፤ ሕንፃዎቿና የባንክ ሒሳቧ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ያኔ 14 አጥቢያዎችና 5,000 ያህል ምዕመናን ነበሯት። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በሮቿ ሲከፈቱ አጥቢያዎቹ ከ50 በላይ፣ ምዕመኑም ወደ 34,000 ደርሶ ተገኘ። ይህን ታሪክ በስብከት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም እንደ ተአምር ነበር የሚነገረን። ተአምርነቱን አልክድም። እርሳቸው ግን የነገሩኝ ሥራውን ነው።

ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ሰው የሚገባው ተራ በተራ ነው፤ የሚወጣውም እንደዚያው፣ በሌላ በሌላ ሰዓት። ቡና ይቀርባል፤ ድንገት አንኳኪ ቢመጣ ቡና ጠጪ ናቸው። መዝሙሩ ከንፈር ላይ ያልቃል። ቁጥሩ ሲበዛ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱን የሚመራው እዚያው ያደገ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ሴት። የስም ዝርዝር በወረቀት አይያዝም፤ ወረቀት ከተገኘ ሰው ያሳስራል። ስለዚህ ስሙን በጸሎት ይሸመድዱታል። ሁሌም በአንድ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ከነቤተሰቡና ከነችግሩ እያነሱ ይጸልያሉ። «አንድ ሰው ሲጎድል ጸሎቱ ስሙ ላይ ሲደርስ ይሰናከልብናል። በማግስቱ አንዳችን ዳቦ ይዘን፣ ዘመድ መስለን እንሄዳለን» አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ የዚያን ቡድን ሰዎች ስም ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ሳያስቀሩ በተራቸው ጠሩልኝ።

እኔ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት ዘመን ስዘምር ኖሬ ከፊቴና ከኋላዬ ካለው ወንበር ውጪ የስንቱን ቤት አውቃለሁ?

መደወል ጀመርን። ዲያቆናቱ፣ የሴቶች ኅብረት፣ ወጣቶቹ ስልኩን ተከፋፈልነው። የምንጠይቀው የት ትኖራላችሁ፣ በምን ትመጣላችሁ፣ ማን ይጠይቃችኋል የሚለውን ነበር። የሰማነው ነገር ስለ ጉባኤያችን የነበረኝን ሐሳብ ገለበጠው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነን ብለን የምንኮራው ሰዎች ከኪራይ ውድነት የተነሳ ወደ ጀርመንታውንና ወደ ፍሬድሪክ ተበትነናል። ቅዳሜ ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ ሲሠራ አድሮ፣ ቤቱ ከገባ እንቅልፍ እንደሚያስቀረው ስለሚያውቅ እኛው ግቢ መኪናው ውስጥ ተኝቶ የአምልኮ ሰዓት የሚጠብቅ ወንድም አለ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ፤ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ መኪና አይነዱ፣ ከሳምንቱ ውስጥ በቋንቋቸው ከሰው ጋር የሚያወሩት እሑድ ብቻ ነው። በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው የሚመጡ አሉ። ከሁሉ ያመመኝ ደግሞ ከቀሩ ብዙ ጊዜ የሆናቸው፣ መቅረታቸውንም ማንም ልብ ያላላቸው መኖራቸው ነው። አንዷ እኅት ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የጠየቀችን «ማን ሞተ?» ብላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚደወልላት ለመርዶ ካልሆነ በቀር ለሌላ ነገር አልመሰላትም።

አድራሻውን ካርታ ላይ ስናሰፍር ክርክራችን መልኩን ቀየረ። ብዙዎቻችን ልባችን ያረፈበት መጋዘን ዋጋው ደህና፣ ፓርኪንጉም ሰፊ ነበር፤ ነገር ግን እሑድ አውቶቡስ የማይደርስበት ቦታ ነው። ብንገዛው ኖሮ እነዚያን አዛውንት በገዛ እጃችን በር እንዘጋባቸው ነበር። ይህ በየትኛውም የወጪ ሠንጠረዥ ላይ አልታየም።

በዚያው ሰሞን ከወደ ቨርጂኒያ የአርሊንግተን ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ አነሳን። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበትና በሚሠራበት በኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ነበራቸው። ጉባኤው እየተመናመነ ሲሄድ አባላቱ ሰፈሩን ዞረው ሰውን አነጋገሩ፤ የሰሙትም እዚያ የሚሠራ ሰው እዚያው መኖር እንዳቃተው ነው። ሕንፃቸውን አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤት ለሚሠራ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሸጡት። የድሮው ሕንፃ ፈርሶ በቦታው ጊሊያም ፕሌስ የተባለ 173 መኖሪያ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ተሠራ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሰው ገባበት። ጉባኤው ዛሬ በዚያው ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ቦታ ተከራይቶ ያመልካል። የእነርሱ መንገድ የእኛ አይደለም፤ እኛ የምንሸጠው መሬት የለንም። የወሰድነው ቅደም ተከተላቸውን ነው። መጀመሪያ ሰዉን ጠየቁ፤ የሕንፃው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። «ቤተ ክርስቲያን ማለት ሰው ነው፣ ሕንፃ ምን ያደርጋል?» የሚል አነጋገር በእንዲህ ያለ ጊዜ ቶሎ ይመጣል፤ ቤት ላጣ ሰው የሚነገር ነገር አይመስለኝም። የቤት ኅብረት ሸክሙ የሚወድቀው በባለቤቲቱ ላይ ነው፤ ስታጸዳ፣ ስታበስል፣ ስታጥብ እርሷ ራሷ ሳትጸልይ ይመሻል። አፓርታማ ውስጥ ጎረቤት በዝማሬው ያማርራል፣ ለእንግዳ መኪና ማቆሚያ የለም። ቡድኑ ከጉባኤው ተነጥሎ የራሱን መንገድ የሚይዝበትም ጊዜ አለ። እኚያን እናት «ታዲያ ሕንፃ ባይኖረንስ?» ብዬ ስጠይቃቸው ቆጣ አሉ። «ሕንፃው ናፍቆን ነበር እኮ ልጄ! ሰው ሲሞትብን ጮክ ብለን የምናለቅስበት አልነበረንም። ስንመለስ ግድግዳውን የሳመ ሰው አይቻለሁ» አሉኝ።

አሁን እሑድ እሑድ የምንሰበሰበው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ድምፁ ያስተጋባል፤ ለሕፃናት የሚሆን ክፍልም የለው። በየአካባቢው የቤት ኅብረቶች አሉን፤ የማዘጋጀቱ ተራ ይዞራል፣ ምግብ ከቡና አይበልጥም ተብሎ ተወስኗል። መኪና ያለው የሌለውን የሚያመጣበት ተራም ወጥቷል፤ የምሽት ሽፍት ያለባቸው ሾፌሮች ሲደክሙ አንዳንዴ ይፋለሳል። የሕንፃ ፈንዱ አልተነካም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለድምፅ የሚቀርበው ሐሳብ፣ የምንገዛው ቤት የመጀመሪያ መስፈርቱ እሑድ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንገድ ላይ መሆኑ ነው ይላል። ተቃዋሚ አለው። እንዲህ ያለ ቦታ ውድ ነው፤ በያዝነው ገንዘብ የሚገኘው አዳራሽ ሁላችንን በአንድ ጊዜ ላይዝ ይችላል፤ ምናልባት አምልኮውን ሁለት ዙር ማድረግ ይኖርብናል። መዘምራኑ ሁለት ጊዜ መዘመር እንደሚከብዳቸው ከወዲሁ ተናግረዋል፤ እውነታቸውን ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፤ ድምፄን ግን የምሰጠው ለዚያ ሐሳብ ነው።