ቡናው የማን ነው?

የከተማችን ስም ራሱ ስለ አኗኗራችን ይናገራል። ባሕር ዳር ማለት የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን «ጣና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም» እያሉ ዘወትር ቢያርሙንም፣ በሰፈራችን ያሉ እናቶች ወደ ውኃው ሲሄዱ ዛሬም «ባሕር ወረድን» ይላሉ። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ፣ ከ30 በላይ ደሴቶችንም ያቀፈ ውኃ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ላደገ ልጅ፣ ባሕር ብሎ መጥራት የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።

ታዲያ በዚህ ውኃ ዳር የሚኖር ሰው ኑሮው ሁሉ ከውኃው ጋር የተሳሰረ ነው። ማለዳ ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይመጣሉ። ዓሣ አስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ ይዘው ሲደርሱ ይብራዎች ፍርፋሪ ለመለቃቀም ከሰው እኩል ይሰለፋሉ። እሑድ ደግሞ የዕድር ስብሰባ አለ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በሰፈራችን በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፣ የተጣላም በሽማግሌ ይታረቃል። ይህን ሁሉ ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከዚህ መልካም ጉርብትና ውጭ ሆነው ረጅም ዘመን የኖሩ ሰዎች በመካከላችን መኖራቸውን ሳልጽፍ ብቀር፣ የጻፍኩት ነገር ግማሽ እውነት ይሆናል።

እነዚህ ሰዎች ነገደ ወይጦ ይባላሉ። ከጣና ዳርቻ ቀደምት ነዋሪዎች መካከል ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አሁን የሚናገሩት እንደ እኛው አማርኛ ነው፤ ሃይማኖታቸውም እስልምና ነው። ድሮ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑም ሌላውም ሙስሊም ይጸየፋቸው ነበር። የጉማሬው አደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መጸየፉ ግን አልቀረም። ስማቸውን እንደ ስድብ ሲወረውሩት ያልሰማ የከተማችን ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ከቤታችን ወደ ውኃው ስንወርድ አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ሥራቸውን ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ ከዚያም በእግራቸው እየረገጡ በገመድ ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። ሚስማር የለው፣ ሳንቃ የለው፤ ሆኖም ሰውንና ሸክሙን ይዞ ይንሳፈፋል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነገር መሥራት አይሰለችዎትም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሳቁና «ልጄ፣ እንጀራስ ሲበላ ያልቅ የለም? እናትህ ታዲያ መጋገር ተወች?» አሉኝ።

አባቴ የዕድራችን ጸሐፊ ስለ ሆነ መዝገቡን ይዤ አብሬው ወደ ስብሰባ እሄዳለሁ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር እኚህ ሽማግሌ የዕድሩ አባል ለመሆን አመለከቱ። ጉዳዩ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። በዕድራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ለየሃይማኖቱ ሥጋው ለብቻው ይዘጋጃል፤ በዚህም የተነሣ ተጣልተን አናውቅም። ስለዚህ ጸጥታው ስለ ሃይማኖት እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ አንድ ሰው ተነሥተው «አባቶቻችን ያላደረጉትን እኛ ከየት እናመጣዋለን?» አሉ። ብዙዎች አንገታቸውን ነቀነቁ።

የዕድሩ ዳኛ ግን በዝግታ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እስቲ ንገሩኝ፣ ሞት የእነሱን ደጅ ዘሎ ያልፋል? እሱ ካላለፈ ድንኳናችን ለምን ያልፋል?» ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። እጅ ተቆጠረ፤ የተቃወሙት ጥቂቶች ሆኑ። የሽማግሌውን ስም በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሽማግሌው ዐረፉ። ድንኳኑም ሄደ፣ ወንበሩም ሄደ፣ ሰውም ሄደ። ዕድሩ ቃሉን ጠበቀ። ነገር ግን በድንኳኑ ውስጥ ቡና ሲዞር አንድ ነገር ተመለከትሁ። አንዱ «ጾም ነኝ» አለ፤ ሁለተኛው «ቡና አይስማማኝም» አለ፤ ሦስተኛው ሲኒውን ተቀብሎ ሳይቀምስ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። የሟቹ ባለቤት ከተቀመጡበት ሆነው ትሪው ስንት ሲኒ ሞልቶ እንደሚመለስ ይመለከቱ ነበር። ትሪው እናቴ ዘንድ ሲደርስ አንሥታ ጠጣች። ሁለተኛውንም ጠጣች። ከዚያም ከአጠገቧ የነበሩት ሁለት ጎረቤቶቻችን አየት አየት ተደራረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

ማታ አያቴ ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ እናቴ ያቀረበችላትን እራት ሳትነካ አደረች። እናቴ አልተከራከረቻትም፤ «እማማ፣ ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት የዘረጋችውን እጅ እንዴት ብዬ ልመልስ?» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። አያቴ ክፉ ሰው አይደለችም። በልጅነቴ ስታመም ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ያደረች እሷ ናት። እናቴንም አያቴንም እወዳለሁ፤ በዚያች ሌሊት ግን ሁለቱንም ደስ ማሰኘት እንደማይቻል ዐወቅሁ። አያቴ ከሦስት ቀን በኋላ ከእናቴ እጅ መብላት ጀመረች። ስለዚያ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።

ይህን በማሰብ አንድ ነገር ተገንዝቤአለሁ። መዝገብ ላይ ስም መጻፍ ቀላል ነው፤ በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ድንኳን ማዋስም ቀላል ነው፤ የዕድሩ ነው እንጂ የማንም አይደለም። ቡናው ግን በየራሳችን አፍ የሚገባ ስለ ሆነ ዳኛም ሆነ እጅ ቆጣሪ ሊጠጣልን አይችልም። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፣ በእኛ በኩል ያለውን እንመልከት። በመጫወቻ ሜዳችን ኳስ ያመለጠውን ልጅ በዚያ ስም መሳደብ የተለመደ ነው። ተሳዳቢው እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ከእነዚያ ቤተ ሰቦች የመጣ ልጅ በመካከላችን ቆሞ ከሰማ ቀልዱ ለእርሱ ምኑ ነው? በዚህ ስድብ ምክንያት ደብተሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ አንድ ልጅ እንኳ ቢኖር ጥፋቱ የሁላችን ነው። ወላጆቻችንም ይህን ጽሑፍ ቢያነቡ፣ ልጅ በሜዳ የሚናገረውን በቤት እንደሚማር ያስታውሱልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

የሽማግሌው ልጅ አሁን በአባቱ ቦታ ተቀምጦ ታንኳ ይሠራል። ዳርቻው እየታረሰና ቤት እየተሠራበት ደንገሉ ስለ ሳሳ፣ ለማጨድ ከአባቱ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። እናቴም በዚያ በኩል ስታልፍ ቆማ ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ ቡና ሲፈላ ከደረሰችም ትቀመጣለች።