ማንገቻው በማን ልክ ተሰፋ?

ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ፕላስቲኩን ሳንቆጥር 20 ኪሎ ማለት ነው። ለመዝናናት ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች በብዛት የሚያዝሉት የአሉሚኒየም አየር ሲሊንደር ደግሞ ተሞልቶ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መተንፈሻውና ጃኬቱ ሲጨመርበት ከጀሪካኑ ይስተካከላል፤ ለመስጠም የሚታጠቁት እርሳስ ሲታከልበትም ያልፈዋል። ይህን ሂሳብ ካወቅሁ ወዲህ የጠላቂዎችን ዕቃና የሞያሌን ውሃ ቀጂዎች ለያይቼ ማሰብ አልቻልኩም። ክብደቱ ተቀራራቢ ነው፤ የሚሸከመውም የሴት ጀርባ ነው። የሚለየው በሸክሙና በጀርባው መካከል ያለው ማንገቻ ነው።

መጥለቅ የተማርኩት ለሥራ የኬንያ ባሕር ዳርቻ በኖርኩበት ጊዜ፣ ዲያኒ ላይ ነው። ዕቃ ከሚያከራዩት አንዱ ዘንድ የሰጡኝ ጃኬት ለወንድ የተሰፋ ነበር። «መካከለኛ ቁጥር ነው፣ ይሆንሻል» አሉኝ። መሬት ላይ ቆሜ ሲታሰርልኝ ልክ የሆነ መሰለ። ውሃው ላይ ሆኜ አየር ስሞላው ግን ወደ ላይ ሸሸ። አንገትጌው ጆሮዬ ሥር ደረሰ፤ የደረቱ ማሰሪያ ጡቴን ጨፈለቀው፤ የወገቡ ቀበቶ ጎድኔ ላይ ወጥቶ ትንፋሼን ያዘው። ታች ስወርድ ደግሞ ሲሊንደሩ ጀርባዬ ላይ ግራና ቀኝ ይዋልላል። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው በረጅሙና በዝግታ ካልተነፈሰ አየሩ ቶሎ ያልቅበታል፤ ሰውነቱም አይረጋም። ስለዚህ ማንገቻ ውሃ ውስጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጠላቂዎች ቢሲዲ የሚሉት ይህ ጃኬት ሁለት ሥራ አለው። ሲሊንደሩን ከጀርባ ጋር ያስራል፤ አየር እየተሞላና እየተለቀቀለት ደግሞ ጠላቂው ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ባለበት ጥልቀት እንዲቆይ ያደርጋል። ስኩባፕሮ የተባለው ኩባንያ እንደ ሰደርያ የሚለበሰውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1971 ካወጣ በኋላ ለዓመታት ለሴት ይሰጥ የነበረው የወንዱ ትንሽ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ማሳነስ ግን ቅርጹን አይለውጥም። የብዙ ሴቶች ትከሻ ጠበብ ይላል፤ ከትከሻ እስከ ወገብ ያለው ቁመት ያጥራል፤ ዳሌ ይሰፋል። ለሴት ታስቦ የተቆረጠው ጃኬት ጀርባው አጠር ያለ ነው፤ የትከሻ ማንገቻዎቹ ጡትን በጎን በኩል ዞረው ይወርዳሉ፤ የደረቱ ማሰሪያ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቀበቶው ደግሞ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። የሴት ዳሌና ጭን ይበልጥ የመንሳፈፍ ጠባይ ስላለው እርሳሱ የሚቀመጥበትም ቦታ ይለያል።

እኔ በመጨረሻ የወደድኩት ግን ከዚህም የቀለለውን ነው። አንድ የጀርባ ብረት፣ በእሱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፍ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ወጥ ጥብጣብ፣ ከኋላ አየር የሚይዝ ክንፍ፣ በእግሮች መካከል አልፎ ወገብ ላይ የሚያያዝ አንድ ማሰሪያ፤ በቃ። የወንድ ወይም የሴት የሚባል ነገር የለውም፤ ጥብጣቡ በለበሰችው ሰው ላይ ተለክቶ ይቆረጣል። ደረት ላይ የሚጫን ነገር የለም። በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ዕቃው ወደ አንገት እንዳይሸሽ ይይዘዋል። እህቶቼ፣ መጥለቅ የምታስቡ ካላችሁ ይህን ዓይነቱን ጠይቁ። ዘለበቱን ከመቆለፋችሁ በፊት ሲሊንደሩ ይጫንበት፤ ከዚያ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ጎንበስ በሉ፣ ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሡ። በባዶው ልክ የሆነ ሁሉ ሸክም ሲመጣ ልክ አይሆንም።

ለእኛ ለሞያሌዎች የሚቀርቡን ጠላቂዎች ይህን ሁሉ አያውቁትም። ከሜጋና ከዱብሉቅ ብዙም ሳይርቅ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ግርጌ፣ እኛ ጨው ቤት የምንለው ኤል ሶድ አለ። የቦረና ወንዶች ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው እዚያ ጥቁር ውሃ ውስጥ እየጠለቁ ጨዋማ ጭቃ ያወጣሉ፤ አህዮች ተሸክመው ገደሉን ይወጡታል። ጨው የበዛበት ውሃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፤ እነሱ በጉልበታቸው ብቻ ይታገሉታል። ዓይናቸውና ቆዳቸው ሲቃጠል መኖሩ ለማንም ምስጢር አይደለም። መነጽር እንኳ ያሰበላቸው የለም።

ዕቃ ሲሠራ ማን እንደሚታሰብ ለማየት ጠፈር ድረስ መሄድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 አን ማክሌይንና ክሪስቲና ኮክ ሁለት ሴቶች ብቻ የሚያካሂዱትን የመጀመሪያውን የጠፈር ጉዞ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ ሊያደርጉ ተዘጋጅተው ነበር። ለሁለቱም የሚሆነው የልብሱ የላይኛው ክፍል መካከለኛ ቁጥር ነበር፤ ተዘጋጅቶ የተገኘው ግን አንድ ብቻ ሆነ። ዕቅዱ ተለወጠ። ጉዞው የተሳካው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ፣ በኮክና በጄሲካ ሜር ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ሞያሌ ውስጥ በሰፈራችን በጎዶማ ገንዘብ ያለው ከቦቴ ያስሞላል ወይም በቦዳቦዳ ሞተር ያስመጣል። የሌላት ትሸከማለች። ጀሪካኑ ጀርባዋ ላይ በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ደረቷ ላይ ወይም ትከሻዋ ላይ ይቋጠራል፤ እሷም ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይጎትታት ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መንገዱ ረዘመ፤ ገመዱ ግን ያው ገመድ ነበር። ጎረቤታችን አኮ ዛሬም ቀና ብለው መሄድ አይችሉም፤ ገመዱ ያለፈበት ቦታ ትከሻቸው ላይ ጠቁሮና ጠጥሮ ይታያል። እኔ ውሃ ውስጥ ስገባ ያ ሁሉ ብረት ክብደቱን ከሞላ ጎደል ያጣል፤ ባሕሩ ይሸከምልኛል። ለእሳቸው የሚሸከምላቸው አልነበረም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ እርጉዝ ሴት እንዳትጠልቅ የጠላቂ ማሠልጠኛዎች አጥብቀው ይመክራሉ። ውሃ መቅዳት ግን በእርግዝና ምክንያት የሚቀርላት ሴት በሰፈራችን አላውቅም።

የኛ ሴቶች ለምደውታል፣ አይከብዳቸውም የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ኬንያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ማሎይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። በራሳቸው ላይ የሚሸከሙ የሉኦ ሴቶችና ሸክሙን በግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ጠፍር የሚይዙ የኪኩዩ ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት 20 በመቶ ድረስ ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጡ መሸከም ይችሉ ነበር። ድንቅ ችሎታ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 20 በመቶ ማለት 12 ኪሎ ነው። ጀሪካኑ 20 ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የምትከፍለው በጉልበቷ፣ በአንገቷና በወገቧ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ የኖሩት እናቶችም ከሰውነታቸው ክብደት ግማሹን የሚያልፍ ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ነው።

በልክ የተሠራ ማንገቻ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አንቀልባን አስቡት። ሰፊ ቆዳ ነው፤ ጠፍሩ በትከሻና በብብት ሥር ዞሮ ይታሰራል፤ ሕፃኑ እናቱ ወገብ ላይ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ እያንዳንዷ እናት በራሷ ሰውነት ልክ ታጠብቀዋለች ወይም ታላላዋለች። ለልጅ ይህን ያህል የታሰበበት አገር ለውሃው ሸክም ቀጭን ገመድ ይብቃ ማለቱ ያሳዝነኛል። ሸክሙን የምትሸከመው ሴት በመሆኗ ነው እንጂ፣ አህያ እንኳ ጀርባዋ እንዳይላጥ ከጭነቱ ሥር ኮርቻ ይደረግላታል።

ስለዚህ የማስበው ይህን ነው። ሞያሌ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ከኢሲዮሎ በሚመጣው መንገድ ላይ በየጋራዡ የተጣለ የመኪና ቀበቶ አይጠፋም። የመኪና ቀበቶ ስፋቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ከጠላቂ ጥብጣብ ብዙ አይለይም፤ ጥንካሬውም የታወቀ ነው። ሁለት የትከሻ ማንገቻ፣ አንድ ዳሌ ላይ የሚያርፍ ቀበቶ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት የደረት ማሰሪያ፣ ጀሪካኑ የሚደገፍበት ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ ጠንካራ ፕላስቲክ። ሸክሙ ከትከሻ ወርዶ ዳሌ ላይ ሲያርፍ ሴትየዋ ቀና ብላ ትሄዳለች። አንድ ነገር ከጠላቂዎች እንዳለ መውሰድ አለብን፦ እርሳሳቸው በአንድ እጅ በቅጽበት ይፈታል። ቁልቁለት ላይ የተንሸራተተች ሴትም 20 ኪሎውን በአንድ እጅ ፈትታ መጣል መቻል አለባት። የወገቡ ቀበቶ ደግሞ ለእርጉዟ ከሆድ ሥር እንዲወርድ ሆኖ ይሰፋ።

ለውሃ ፕሮጀክት ዕቃ የምትገዙ፣ በአንድ ቁጥር የተሰፋ አንድ ሺህ ቦርሳ ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ሴቶችን ጠርታችሁ ልኩ። ጎዶማ፣ ቡቲዬ ወይም ከድንበሩ ወዲያ ወፍራም ነገር የሚሰፋ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ጻፉልኝ። የራሴን ጥብጣብ ፈትቼ አሠራሩን አሳያችኋለሁ። ልካቸውን ለመስጠት የተስማሙ ሴቶች አሉ፤ ረጅምም አጭርም፣ አንዷም እርጉዝ ናት። ሙከራው በባዶ ጀሪካን እንዳይሆን ብቻ አደራ።