የነገሌ ፔንሲዮን ድረ ገጽ ለማን ነው?

«ለነገሌ ቦረና ደግሞ ምን ድረ ገጽ ያስፈልገዋል፣ ቴሌግራም ይበቃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ አትሳቁበት። ግማሽ እውነት አለው። የከተማው ሰው ፔንሲዮኑን በባለቤቱ ስም ያውቀዋል። የአይሱዙ ሾፌሩ ገና አዶላ ሳለ ደውሎ «አልጋ ያዝልኝ» ይላል። ያቤሎ ያለ ነጋዴ ዱቡሉቅ ገበያ ላይ በሬ በስንት እንደዋለ ለማወቅ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ደላላው ጋ ይደውላል። ስልክ ባገራችን ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት የፈለገ በ2006 የተጀመረውን የገበሬዎች ነጻ መስመር 8028ን ይመልከት። ሰው በቋንቋው ስለሚሰማበት ሚሊዮን ጊዜ ተደውሎበታል።

ግማሹ እውነት ግን ግማሽ ነው። የሚያውቃችሁ ሰው ይደውላል። የማያውቃችሁስ? እሱ ደላላ የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ስልካችሁንም የሚሰጠው ሰው የለም። ስልኩን አውጥቶ ጉግል ላይ ይፈልጋል። የቆላ ከተማ ድረ ገጽ ሥራው ለእንዲህ ያለው ሰው ደላላ መሆን ነው፤ «ይሄ ቤት አለ፣ እቃው ይሄ ነው፣ ዋጋው ይሄ ነው፣ ሰውየው ይታመናል» ማለት።

ለመሆኑ ነገሌን ማን ከሩቅ ይፈልጋታል? ወፍ ፈላጊዎች ይፈልጓታል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ሊበን ሜዳ ላይ ሊበን ላርክ የምትባል ትንሽ፣ ለዓይን የማትሞላ ወፍ አለች። ከዋናው የአፍሪካ ምድር ከሚጠፉ ወፎች የመጀመሪያዋ እንዳትሆን የሚሰጋላት እሷ ናት። ያቤሎ ዙሪያ ደግሞ ከአገራችን ውጪ የትም የማይገኘው ቁራ መሰል ወፍ አለ። እነዚህን ለማየት የአውሮፓ ጡረተኛ አቅሉን ስቶ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ገንዘብ አለው፣ ሁለት ሦስት ሌሊት ያድራል፣ ከመምጣቱ ወራት በፊት ይጠይቃል፣ የሚጠይቀውም በጽሑፍ ነው። የተራቀቀ ጥያቄ የለውም፦ ውሃ አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል? ጎህ ሳይቀድ መውጣት ስለምፈልግ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሻይና ዳቦ አገኛለሁ? መኪናዬ ግቢ ውስጥ ያድራል?

አሁን በየከተማው የማያቸውን የፔንሲዮንና የሆቴል ድረ ገጾች ከነዚህ ጥያቄዎች ጋር አስተያዩአቸው። ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚመጣው ተንሸራታች ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው እንግዳ ተቀባይ የነገሌን ፀሐይ አይታ የማታውቅ ወርቃማ ጸጉር ያላት ሴት ናት። ቀጥሎ «ስለ እኛ»። ከዚያ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ቤት ራዕዩ «በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ መሆን» ነው። ይሄ ልማድ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ወደ ግል ንግድ የተሻገረ ይመስለኛል፤ እንግዳ አልጋ የሚይዘው ግን ራዕይ አንብቦ አይደለም። የውሃው ጉዳይ የትም አልተጻፈም።

ነገሌ ላይ ውሃን መርሳት ደግሞ ያስገርማል። በጥር 1966 እዚሁ የሰፈሩት የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች አዛዦቻቸውን ያሠሩት በምግብና በውሃ ጉዳይ ነበር፤ አብዮቱ ከዚያ እያለ እያለ ንጉሡ ጋ ደረሰ። የዚህ ከተማ ፔንሲዮን በድረ ገጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ሮቶ አለን፣ ውሃ አይቋረጥም» ቢል ከየትኛውም ራዕይ ይበልጣል። እውነት ከሆነ ነዋ! ካልሆነ «ውሃ በፈረቃ ነው፣ በባልዲ እናቀርባለን» ይበል። እንግዳ ይህን ቀድሞ ካወቀ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ሳሙና ተቀብቶ ሻወሩ ሲቆምበት ነው።

ሰዓት ሌላው ጉድ ነው። የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ «ቁርስ ከ12 እስከ 3» ተብሎ ሲጻፍ እኛ ጠዋት ማለታችን ነው፣ ፈረንጁ ግን እኩለ ቀን ብሎ ያነበዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር አጠገብ ለአጠገብ መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። ቀኑም እንዲሁ፤ በራሱ አቆጣጠር «መስከረም 5» ብሎ አስይዞ አሥር ቀን ቀድሞ ከመጣ እንግዳ ጋር ማንም መጨቃጨቅ አይፈልግም።

አድራሻችን ደግሞ «ከመናኸሪያው ጀርባ» ነው፤ ምንም አይደለም፣ እሱም ይጻፍ፣ ካርታ ላይ ግን ቦታው ይተከል። ነገሌ ሲባል አርሲ ነገሌም አለች። ከሻሸመኔ ሰሜን ባለችው ከተማ አልጋ ይዞ ቦረና ለሚደርስ ሰው ማን ይክሰዋል? ስሙን «ነገሌ ቦረና» ብሎ ሙሉውን መጻፍ፣ በላቲን ፊደልም ሰዎች በሚጽፉበት በየዓይነቱ ማስገባት ፈላጊን ያገናኛል። አድራሻ መርሳት በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። ኢጣሊያዊው ልዑል ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ሲገድለው ከሰበሰባቸው ወፎች መሐል አንዷ አዲስ ዝርያ ሆና ተገኘች፤ ስሙም ተሰጣት። ከየት እንዳገኛት ግን ጽፎ አልተወም፣ ሊቃውንቱም ቦታዋን ሲፈልጉ አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው። ወፏ እዚሁ ደቡብ ነበረች።

ሁለተኛው የማያውቃችሁ ደንበኛ የድርጅት ግዢ ሠራተኛ ነው። በድርቁ ዓመታት እነዚህ ከተሞች ውስጥ ስንት ድርጅት እንደገባ የኖረበት ያውቃል። ያ ሰው አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ተቀምጦ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል፦ የስብሰባ አዳራሽ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የፓምፕ መለዋወጫ፣ የጭነት መኪና ኪራይ። ዕቃው ያቤሎ ሱቅ ውስጥ እያለ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያቤሎ ያለው ነጋዴ በወረቀት ስለማይታይ ነው። ይህ ደንበኛ ውበት አይፈልግም። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የቫት ደረሰኝ መኖሩን፣ የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም መሆኑን፣ «ፕሮፎርማ በዚህ ኢሜይል ይጠይቁ፣ በዚያው ቀን እንልካለን» የሚል መስመር ይፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል። በኔ ግምት ለቆላ ከተማ ነጋዴ ከሁሉ የሚያዋጣው ገጽ ይሄ ነው፣ ከሁሉ የሚረሳውም ይሄው ነው።

ወደ ዋጋ ልምጣ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን በሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሬ ቢሆን ይገባኛል፤ ሀሮ ባቄ ገበያ ላይ ዋጋ ሳይታይ፣ ሳይዳሰስ፣ ሳይከራከሩ አይነገርም። አልጋ ግን በሬ አይደለም። ዋጋ ያልጻፈ ቤት ሰው «ፊቴን አይቶ ሊጠራብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ለሐበሻና ለፈረንጅ የተለያየ ዋጋ የሚጠራም ስላለ ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። ዋጋውን ጻፉት፣ መቼ እንደታደሰም አብራችሁ ጻፉ። ቴሌብር ትቀበላላችሁ? ኤም-ፔሳስ? ሞያሌ ከሆናችሁ ደግሞ የኬንያ ሽልንግ? በኅዳር 2013 የጋራ የድንበር ኬላው ከተመረቀ ወዲህ ለሚሻገረው መንገደኛ ይህቺ መስመር ከፎቶ ትበልጣለች።

ፎቶ ካነሳን፣ የራሳችሁን መታጠቢያ ቤትና ግቢ በስልክ አንሱ፣ አሳንሳችሁ ጫኑ። የሚከፍተው ሰው በቀጭን ኔትወርክ፣ በገዛው ዳታ ነው፤ ገጹ እስኪከፈት ድረስ ሌላ ቤት ደውሎ ይጨርሳል። ዋጋና ስልክ ፖስተር ላይ ተጽፎ እንደ ፎቶ ሲጫን ደግሞ ኮፒ አይደረግ፣ ተነክቶም አይደወልበት።

ቋንቋ? ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፤ ወደ ፊልቱና ሞያሌ ሲኬድ ሶማሊኛ። በአራቱም ግማሽ ግማሽ ከምትጽፉ በሁለት አጥርታችሁ ጻፉ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቴሌግራም ቻናል ላይ ብጽፈውስ?» ጻፉት፣ ጥሩ ነው። ግን በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ አምስት ወር ገደማ ቆይተዋል። ቪፒኤን ያልጫነ ደንበኛ ሱቁ የተዘጋ መስሎት ሄደ። በርግጥ ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ፣ ጉጂና ቦረና ደግሞ ይህን ደጋግመው አይተውታል፣ ድረ ገጽም አያድንም። ያኔ የሚያድነው እንግዳው አስቀድሞ ወረቀት ላይ የገለበጠው ስልክ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጹን የሠራው የሰፈር ልጅ ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ልጁ ውጭ ይሄዳል፣ የዓመቱ ክፍያ ያልፋል፣ ገጹ ይጠፋል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። በዶላር የሚከፈል ስም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠው የነጥብ ኢቲ ስም በብር ይከፈላል። የትኛውንም ምረጡ፣ በራሳችሁ ስምና ስልክ ይመዝገብ፣ የሚታደስበት ቀን ከንግድ ፈቃዱ እድሳት ጋር አንድ ደብተር ላይ ይጻፍ።

የነገሌ፣ የያቤሎ፣ የሜጋ፣ የሞያሌ ወንድም እህቶቼ፣ ድረ ገጽ ካላችሁ ዛሬውኑ የሌላ ሰው ስልክ ተውሳችሁ በዳታ ክፈቱት። ስልክ ቁጥራችሁን ንኩት። ካልደወለ ሌላውን ሁሉ ተዉትና እሱን አሠሩ። ገና ልታሠሩ ላሰባችሁት ደግሞ፣ ለሠሪው ከመክፈላችሁ በፊት ለአንድ ወር እንግዳ ደውሎ የጠየቃችሁን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉና እሱን ስጡት።